ጾሙና መንገዱ፤ የአረጋውያን ውፍረትና ክሳት ታሪክ በሳሪስ አቦ አካባቢ

የታሪክ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን የሰውን ገላ ነው። ይኸውም በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል በሚገኘው በሳሪስ አቦ አካባቢ የሚኖሩ አረጋውያን፣ ሐኪም «ክብደትዎን ይቀንሱ» ሲላቸው ነገሩ ለምን እንደሚከብዳቸው፣ ወላጆቻቸውስ ሐኪም ሳያዛቸው እንዴት ቀጭን ሆነው እንደ ኖሩ ለመረዳት ነው። ጥያቄው የሕክምና ብቻ ይመስላል። እኛ ግን ከመልሱ የሚበዛው ክፍል የሚገኘው በመንገድ፣ በባቡር፣ በስኳርና በረኀብ ታሪክ ውስጥ ነው ብለን እናምናለን።

ስፍራውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሳሪስ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው፣ እስከ ዛሬም ብዙው ሰው የደብረ ዘይት መንገድ በሚለው ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሰፈር ነው። «አቦ» የሚለውን ቅጽል ያገኘው በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ይህ ስፍራ ከከተማው ውጭ፣ የኦሮሞ ገበሬዎች የሚያርሱበትና ከብት የሚያግዱበት ሜዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከባሕር ወደብ ወደ ዋና ከተማው የሚመጣው ነገር፣ ባቡሩም፣ የመኪናው መንገድም፣ በዚህ በደቡብ በር በኩል ገባ፤ ፋብሪካውም ተከትሎ በመንገዱ ዳር ተተከለ። የአኗኗርን ለውጥ በአንድ ሰፈር ውስጥ በቅደም ተከተል ለመከታተል የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ በቀላሉ አያገኝም።

በመጀመሪያ ስለ አነጋገራችን እንናገር። በአማርኛ ውፍረት ከነቀፋ ይልቅ ወደ ምስጋና ያደላል። «ተመችቶታል»፣ «አምሮበታል»፣ «ሰውነቱ ሞላ» ሲባል ሰውየው ወፍሯል ማለት ነው። «ከሳ፣ ጠቆረ» ከተባለ ግን ወይ ሐዘን፣ ወይ በሽታ፣ ወይ ችግር አግኝቶታል። አራስ ገንፎና አጥሚት እየተመገበች ከርማ ስትወጣ ሰውነቷ ካልሞላ የሚታሙት ያረሷት ዘመዶቿ ናቸው። «ቦርጭ» የሚለው ቃል ብቻ ጥቂት መሳቂያነት አለበት፤ እሱም ቢሆን ቀድሞ የሹምና የባለጸጋ ምልክት ስለ ነበረ ሳቁ ከምቀኝነት ጋር የተቀላቀለ ነው።

ይህ አነጋገር ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የከብት እልቂት በምጽዋ በኩል ገብቶ በአገሩ ሁሉ ተዛመተ። በሬ ስላለቀ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ይህ ዘመን እስከ ዛሬ ክፉ ቀን እየተባለ ይጠራል። የዛሬዎቹ አረጋውያን አያቶችና ቅድመ አያቶች ያንን ዘመን ያዩ ወይም ካዩት አፍ የሰሙ ናቸው። በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ጥሬ ሥጋና ጠጅ እስኪበቃው የሚቀርብለት ሰው ጥቂት ነበር፤ የቀረው ሕዝብ ከመከር እስከ መከር ለመድረስ ይቆጥብ ነበር። እንግዲህ በገላ ላይ ጥቂት ሥጋ ማኖር በጎተራ ጥቂት እህል ከማኖር የሚለይ ነገር አልነበረም።

ሆኖም ውፍረት የሚመሰገን ቢሆንም ወፍራም ሽማግሌ ማየት እምብዛም የተለመደ አልነበረም። ለዚህ ከድህነት ሌላ ሁለት ምክንያት እናገኛለን፤ አንዱ ጾም፣ ሁለተኛው መንገድ ነው።

የጾሙን ነገር አንባቢ ስለሚያውቀው በአጭሩ እንለፈው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰባት አጽዋማት አሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብን፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትን፣ የፍልሰታንና የነነዌን፣ ገሃድንም ጭምር ስንደምር ምእመናን ሁሉ እንዲጾሟቸው የታዘዙት ቀናት ወደ 180 ይደርሳሉ፤ ካህናትና መነኮሳት ወደ 250 ያደርሷቸዋል። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም፤ እንደ ጾሙ ዐይነት እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀመስም። በሰፈሩ የሚኖሩ ሙስሊሞችም ረመዷንን ይጾማሉ። የዓመቱ ግማሽ ያህል ምግብ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ተልባ ነበር ማለት ነው፤ የኑግ ዘይቱም በቁጠባ ይጨመር ነበር። የአቦ ሰፈር ሰው በዚህ ረገድ ልዩ አብነት አለው፤ የሰፈሩ ጻድቅ በገድላቸው እንደሚነገረው እህል ያልቀመሱ፣ የእናታቸውን ጡት እንኳ ያልጠቡ ናቸውና።

በመንገዱ ላይ ግን ሰፋ አድርገን ልንቆይ እንወዳለን፤ ምክንያቱም ስለ ጾም ብዙ ሲጻፍ ስለ መሄድ የጻፈ ጥቂት ነው። ከሳሪስ እስከ ቀድሞው የአራዳ ገበያ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጭድ፣ ኩበት፣ ዶሮ ወይም እህል የሚሸጥ ሰው አህያውን እየነዳ ሄዶ ሲመለስ 20 ኪሎ ሜትር ተጓዘ ማለት ነው። የምግብ ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ወደ 50 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። በዚህ ሒሳብ የአንድ ቀን ገበያ 1,000 ካሎሪ፣ ማለትም አንድ ሰው በቀን ከሚበላው ግማሽ ያህል ይወስዳል። ይህ ሸክሙን ሳይጨምር ነው። ገበያ በሌለበት ቀን ደግሞ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ በሙቀጫ መውቀጥ፣ በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት ነበረ።

ዕድሜም ከመንገድ ነጻ አያወጣም ነበር። ሽማግሌ ለዕርቅ ይጠራል፤ ለለቅሶ ይሄዳል፤ ማኅበርና ክርስትና ይጠራል፤ ሁሉም በእግር ነው። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በመቋሚያ ተደግፎ ለረጅም ሰዓት መቆምና በዐቢይ ጾም ተንበርክኮ እየተነሡ መስገድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ በተለይ በሰሞነ ሕማማት የሚደረገውን ስግደት ያየ ሰው ይህን አይክድም። በየዓመቱ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ደግሞ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ባለው፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,989 ሜትር ከፍታ ባለው በዝቋላ ተራራ የጻድቁ በዓል ይከበራል፤ ከየአገሩ በእግሩ የሚወጣው ሰው ብዙ ነበር።

ጾሙና መንገዱ ጥንድ እንደ ነበሩ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን። አንዱ ወደ ሆድ የሚገባውን ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ጡንቻውንና አጥንቱን ያጠነክራል። ማንም ሰው ግን ክብደቱን ለመቀነስ ብሎ አልጾመም፤ ለጤንነቱም ብሎ አልሄደም። የጾመው ለነፍሱ ነው፤ የሄደው ሌላ መድረሻ ዘዴ ስላልነበረው ነው። እኛ በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ጂምናስቲክ የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበረን፤ አያቶቻችን ማንም ሳያሳድደው የሚሮጥ ሰው መኖሩን ሲሰሙ ይስቁ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥንዱ እንዴት እንደ ተለያየ እንመልከት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ ከመጨረሻዎቹ ጣቢያዎች አንዱ ሆነች። ሆኖም ባቡሩ የነጋዴና የመኳንንት እንጂ የገበያተኛ መጓጓዣ ስላልነበረ የሰፈሩን ሰው ከእግሩ አላወረደውም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ዘመን የመኪና መንገድ ተስፋፋ፤ የጭነት መኪናም በዛ። ከነጻነት በኋላ በ1930ዎቹ አንበሳ አውቶቡስ ሥራ ጀመረ፤ ቀጥሎ ታክሲው፣ ከዚያም ሚኒባሱ መጣ። በመጨረሻ በ2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የሚዘልቀው የቀላል ባቡር መሥመር ሲከፈት ሳሪስና አቦ መገንጠያ የየራሳቸውን ጣቢያ አገኙ። ከሳሪስ እስከ ስታዲየም ያለውን ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሰው ተቀምጦ ወይም ተጨናንቆ ቆሞ የሚጨርሰው ሆነ።

ይህን ስንል ባቡሩን ለመንቀፍ አይደለም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ባቡር ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ሐዲዱ በጎዳናው መካከል በአጥር ተከልሎ ስለ ተዘረጋ፣ ፊት ለፊት ወደሚታየው ሱቅ ወይም ወደ ጎረቤት ለቅሶ ለመሻገር ማቋረጫ እስኪገኝ ርቆ መሄድ ወይም የመሸጋገሪያ ድልድይ መውጣት ግድ ሆነ። ለወጣት ይህ ጥቂት ተጨማሪ እርምጃ ነው። ለአረጋዊ ሰው ግን ከቤት ላለመውጣት የሚበቃ ምክንያት ነው።

የስኳሩ ታሪክ ከመንገዱ ታሪክ ጋር በአንድ ጊዜ የሚሄድ ነው። ቀድሞ ጣፋጭ የሚባለው ማር ነበር፤ እሱም አብዛኛው ለጠጅ ይውላል። ቡና በብዙ አገር በጨው ወይም በቅቤ ይጠጣ ነበር። በ1946 ዓ.ም. የኆላንድ ኩባንያ የሆነው ኤች.ቪ.ኤ. በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሲከፍት ነገሩ ተለወጠ፤ ወንጂ ሸዋና መተሐራም ተከተሉ። ከአዋሽ ሸለቆ የሚነሣው ስኳር ወደ ዋና ከተማው የሚመጣው በዚሁ በሳሪስ መንገድ ነው። በአቃቂ፣ በቃሊቲና በሳሪስ የጨርቃ ጨርቅና ሌሎች ፋብሪካዎች ሲተከሉ ለሠራተኛው ፈጥኖ የሚደርስለት ቁርስ ሻይ በዳቦ ሆነ።

በደርግ ዘመን ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን ይታደል ነበር። ይህ ፍጆታውን የቀነሰ ሊመስል ይችላል፤ በእኛ አስተያየት ግን በአረጋውያኑ ልብ ውስጥ የስኳርን ክብር ከፍ አድርጎታል። በሰልፍ ቆመው ያገኙትን፣ ለእንግዳ ያስቀመጡትን ነገር «ይተዉት» ሲባሉ ሀብት እንደ መጣል ይቆጥሩታል። እንግዳም «ስኳር አይጨመርብኝ» ቢል ባለቤቲቱ የሰሰተች እንዳይመስልባት ትጨነቃለች። በሒሳብ ካየነው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለበት አንድ ብርጭቆ ሻይ ከስኳሩ ብቻ ወደ 50 ካሎሪ አለው። ይህም ከላይ እንዳልነው የአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። በቀን አራት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው ዕዳውን ለመክፈል ከሳሪስ ተነሥቶ ወደ ቃሊቲ ግድም መሄድ አለበት።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንግሥት ከውጭ አገር እያስገባ በሸማቾች ማኅበራትና በቀበሌ ሱቆች ያከፋፈለው የፓልም ዘይት በየቤቱ ገባ። በዚህን ጊዜ የጾሙ ሕግ ሳይለወጥ የጾሙ ማዕድ ተለወጠ። የተጠበሰ ድንች፣ ሳምቡሳ፣ ብስኩት፣ በዘይት የራሰ ፓስታና ነጭ ዳቦ ሁሉም የጾም ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት የሚለውም ለብዙው ሰው ወደ ስድስት፣ ለሌላውም ወደ ቁርስ ሰዓት ወረደ። ስለዚህ በሁዳዴ የሚወፍር ሰው መገኘቱ አያስደንቅም። ጾሙ በስሙ ቆይቷል፤ ጥንዱ የነበረው መንገድ ግን ሄዷል።

እዚህ ላይ በፋብሪካ የሠሩትን ሴቶች ሳናነሣ አናልፍም። በአቃቂና በአደይ አበባ በሚገኙት የጥጥና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በፈትልና በሽመና ክፍል የሠሩት እናቶች በፈረቃው ሰዓት ሁሉ ቆመውና ተመላልሰው ኖረዋል። በ60 ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ ያ ሁሉ መመላለስ በአንድ ቀን ቆመ፤ የምግቡ ልማድ ግን አብሮ ጡረታ አልወጣም። ዘንድሮ በሳሪስ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ ከሚነጋገሩት ሴቶች ብዙዎቹ የዚህ ትውልድ ናቸው።

እንግዲህ «ይቀንሱ» የሚለው ምክር ለምን ይከብዳል ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። አረጋውያኑ ያልተማሩ ስለ ሆኑ ነው የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ እኛ አንቀበለውም። ዛሬ 75 ዓመት የሆነው ሰው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረኀብ በወጣትነቱ፣ የ1977ን ረኀብ በጉልምስናው አይቷል። ቀጥሎ ደግሞ በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአገራችን ተገኙ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ በነጻ መታደል እስኪጀምር ድረስ በነበሩት ዓመታት ክሳት ማለት የሞት መልእክተኛ ማለት ነበር። የከሳ ሰው በጎረቤት ዐይን ይመረመር ነበር፤ በሽታው በስሙ ሳይጠራ ክሳቱ ብቻ ይነገር ነበር። ዛሬ አያት የሆኑት ብዙ እናቶች በዚያ ዘመን ልጆቻቸውን አስታመው ቀብረዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውንም ያሳደጉ እነርሱ ናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ሰው ቀበቶው ሲሰፋ ደስ አይለውም።

ከዚህም ሌላ መክሳት የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንዲት እናት በሐኪም ትእዛዝ እየሄዱና ስኳር እየቀነሱ ጥቂት ኪሎ ቢወርዱ፣ የዕድር ጓደኞቻቸው «ምን ነካዎት? ደኅና አይደሉም እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ቅንጬና አጥሚት ይዘው የሚመጡም አሉ። ይህ ሁሉ የፍቅር ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሐኪሙን ወር በአንድ ሳምንት ያፈርሰዋል። እኛ ባየነው መጠን ምክሩን በሚገባ የፈጸሙት አስቀድመው ለልጆቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው «ሐኪም አዞኝ ነው» ብለው የተናገሩት ናቸው።

የሽማግሌዎቹ ፍርሃትም ቢሆን መሠረት አለው። አንድ አረጋዊ ሳያስበው ክብደቱ ቢቀንስ ሐኪሞች ራሳቸው የሳንባ ነቀርሳን፣ ካንሰርን፣ ወይም የስኳር በሽታውን እንደሚጠራጠሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ «መክሳት ክፉ ምልክት ነው» የሚለው የአባቶች ቃል ሐሰት ሳይሆን፣ ሳይታሰብ የመጣውን ክሳትና ታስቦበት የተገኘውን ክሳት የማይለይ ቃል ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ ረጅም ታሪክ አለው፤ ለርእሳችን የሚጠቅመውን ብቻ እንጥቀስ። በቬኒስ አገር ሉዊጂ ኮርናሮ የተባለ ባለጸጋ በጉልምስናው ታሞ ምግቡን ከቀነሰ በኋላ በእርጅናው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1558 ዓ.ም. በመጠን ስለ መኖር ጽሑፍ አሳተመ። በለንደን ደግሞ ቀብር በማስፈጸም ሥራ የታወቀው ዊልያም ባንቲንግ በ66 ዓመቱ 92 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ትቶ በአንድ ዓመት ያህል 21 ኪሎ ገደማ ቀነሰ፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1863 ዓ.ም. በደብዳቤ መልክ ለሕዝብ አሳወቀ። ባንቲንግ ቀድሞ በሐኪም ምክር ጀልባ ሲቀዝፍ የምግብ ፍላጎቱ ብቻ እንደ ጨመረ ጽፏል። ሁለቱም ሰዎች በምግብ ብቻ እንጂ በመንገድ አልተማመኑም።

ለእኛ ትልቁን ቁም ነገር የሚሰጠን ግን በቅርብ ጊዜ የተደረገ ምርመራ ነው። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ 107 ወፍራም ሰዎች በአራት ክፍል ተከፍለው ለአንድ ዓመት ተመረመሩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ታተመ። አንደኛው ክፍል እንደ ልማዱ ኖረ፤ ሁለተኛው ምግብ ብቻ ቀነሰ፤ ሦስተኛው የሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ አደረገ፤ አራተኛው ሁለቱንም አጣመረ። ምግብ ብቻ የቀነሱትና ያጣመሩት በክብደት ረገድ ተቀራራቢ ውጤት አገኙ፤ ሁለቱም ከክብደታቸው ወደ መቶኛው ዐሥር እጅ ጣሉ። ነገር ግን ምግብ ብቻ የቀነሱት ከስብ ሌላ ካለው የሰውነታቸው ክፍል፣ በተለይም ከጡንቻው፣ አምስት በመቶ ያህል ሲያጡ ያጣመሩት ያጡት ሦስት በመቶ ነው፤ የዳሌ አጥንት ጥንካሬም በመጀመሪያዎቹ ሦስት በመቶ ያህል፣ በሁለተኞቹ አንድ በመቶ ያህል ቀነሰ። በመነሣት፣ ደረጃ በመውጣትና በመሰል ሥራዎች ሲፈተኑ ከሁሉ የበለጠ የተሻሻሉት ያጣመሩት ነበሩ። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በታተመው በሌላ ታላቅ ምርመራ ደግሞ 3,234 ሰዎች ተካፍለው ነበር። በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስና ክብደትን በሰባት በመቶ መቀነስ የታዘዙት ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ 60 ዓመት ባለፋቸው ዘንድ ቅነሳው 71 በመቶ ደረሰ። ሽማግሌ አይለወጥም የሚለውን አባባል ይህ ቁጥር አይደግፈውም።

እነዚህ ሊቃውንት በድካም ያገኙት ጥምረት በሳሪስ ሜዳ ሳይታወቅ የነበረው የጾምና የመንገድ ጥምረት መሆኑን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። ልዩነቱ ያኔ የተገደዱበትን አሁን በፈቃድ ማድረግ ማስፈለጉ ነው። በፈቃድ መሄድ ተገዶ ከመሄድ ይከብዳል ቢባል አናጋንንም።

ከአገር ስለ ወጡት ወገኖቻችንም አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85፣ ከዚያም በ1991 ዓ.ም. ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ጥቂት ዓመታት በከተማ ከኖሩ በኋላ ግን በዛ። ከሁሉ የሚያስገርመው በሽታው ሌሎች ሰዎችን ከሚይዝበት ባነሰ ውፍረት እነርሱን መያዙ ነው። ስለዚህ በአገራችን ወፍራም የማይባል፣ ቦርጩ ብቻ ጥቂት የወጣ ሽማግሌ «እኔ ቀጭን ነኝ» ብሎ ሊተማመን አይገባውም። በወገብ ዙሪያ የሚጠመጠም ሜትር በዚህ ረገድ ከሚዛን የተሻለ ይናገራል።

በአገር ውስጥ በተደረጉት የሕዝብና የጤና ጥናቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው በ1992 ዓ.ም. ከመቶ ሦስት የነበሩት በ2008 ዓ.ም. ከመቶ ስምንት ሆነዋል። በእነዚህ ጥናቶች 50 ዓመት የሞላት ሴት አትመዘንም። ጡረታ የወጣችው የፋብሪካ ሠራተኛ ከማሽኑም ከቁጥሩም ወጥታለች ማለት ነው። በሳሪስ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው ጥቂት ብር እየተቀበሉ የሚመዝኑት ልጆች ስለ እርሷ ክብደት ከእነዚህ ጥናቶች የበለጠ ሳያውቁ አይቀሩም።

ዘንድሮ በሰፈሩ የሚታየው ሁኔታ የተደባለቀ ነው። ማለዳ በነጭ ነጠላና በሸራ ጫማ ሆነው ሁለትና ሦስት እየሆኑ የሚሄዱ እናቶች አሉ፤ ወንዶቹ ብቻቸውን መሄድ ያዘወትራሉ፤ ምክንያቱን አላወቅነውም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም ለጥቂት ሰዓት ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ሲከፈት ሽማግሌዎችም ወጥተው ታይተዋል። በየሰፈሩ እሑድ ማለዳ በጋራ የሚደረገው ስፖርት ግን ሙዚቃውም እንቅስቃሴውም ለወጣት የተሰፋ ስለሆነ፣ ጉልበት የሚያመው ሰው ከዳር ቆሞ ከማየት በቀር የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ከወንበር ላይ እጅ ሳያስደግፉ ዐሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ወይም ሁለት የውሃ ጠርሙስ ይዞ ማንሣትና ማውረድ ለጡንቻ የሚበጅ መሆኑን የሚያሳያቸው ሰው ቢገኝ ይህ ማሽንም ሜዳም የማይጠይቅ ነገር ነው።

ስለ ምግቡ ደግሞ ሽማግሌው የሚቀንሰው ስኳሩን፣ ዘይቱንና ነጭ ዳቦውን እንጂ ሽሮውንና ምስሩን መሆን የለበትም፤ ጡንቻን የሚጠብቀው ከጥራጥሬው የሚገኘው ነውና። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ የሚያዘወትር አረጋዊ ከሳምቡሳና ከሻይ ጋር ከሚውለው በብዙ ይሻላል። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመቆየታቸው በፊት ሐኪማቸውንም የንስሓ አባታቸውንም ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ሥርዓቱ ለታመመ ሰው መንገድ ይሰጣል።

የቤተ ክርስቲያኑ ዓመታዊ በዓል መጋቢት 5 ቀን ነው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን አስቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ቀንም ዘግይቶ ስለማይገባ የሳሪስ አቦ ንግሥ ምንጊዜም በጾም ላይ ይውላል፤ ሥጋ የማይቆረጥበት በዓል ነው። በዚያ ቀን ከሌሊት ጀምሮ በመቋሚያቸው ተደግፈው የሚቆሙት፣ ታቦቱን አጅበው ከሕዝቡ ጋር የሚሄዱት፣ በሌላ ቀን እስከ ሱቅ መሄድ አቃተን የሚሉት አረጋውያን ናቸው። አብዛኞቹ በዚያ ቀን የሐዲዱን አጥር ዞረው፣ ድልድዩንም ወጥተው ወርደው ይመጣሉ።